የአያቴ ጠገራ ስንት ያወጣል?

ከእናንተ መካከል ካርድ የሚሰበስብ እንደሚኖር አልጠራጠርም። የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ወይም ፖክሞን የሚባሉት የጃፓን ፍጡራን የተሣሉበት ካርድ ሊሆን ይችላል። ካርድ ባይኖራችሁ እንኳ ቴምብር፣ የድሮ ሳንቲም ወይም ከአገልግሎት የወጣ የብር ኖት በመጽሐፍ መካከል ሸጉጣችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ይህ ነገር ስንት ያወጣል?»

እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱን በአንድ ቀን አላገኘሁትም፤ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስም አሳፍሮኛል። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ከእናንተ ጋር እንደ ገና ልጠይቀው እፈልጋለሁ። የምንነሣው ግን ካርድ በሚሊዮን ከሚሸጥበት ከአሜሪካ ሳይሆን ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ነው።

በሚዛን ላይ

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለፋሲካ ዕረፍት ወደ አያቴ ሄድሁ። ቤታቸው ከአርብ ገበያ ከተማ ጥቂት በእግር የሚያስኬድ ነው። አንድ ማታ አያቴ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ፈቱና አንዲት ጠገራ ብር አሳዩኝ። ከላይ በኩል ተበስታለች፤ በቀዳዳዋም ጥቁር ክር አልፏል። በፋኖሱ ብርሃን አገላብጬ ሳያት በአንድ ገጿ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አነበብሁ።

ልቤ መምታት ጀመረ። በስልኬ ላይ ይህን የመሰለ ሳንቲም በማይታመን ዋጋ ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው አይቼ ነበር። «እምዬ፣ ይህች እኮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል! ብንሸጣት ቤቱን ቆርቆሮ እናለብሰዋለን» አልኋቸው። የሣር ክዳኑ በየክረምቱ ያፈስስባቸው ነበርና ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አያቴ ፈገግ ብለው ጠገራዋን በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንግዲያ ገበያ ውሰድና አስጠይቅ፣ ልጄ» አሉኝ።

በገበያው ቀን አንድ አንጥረኛ ዘንድ ወሰድኋት። አንጥረኛው በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፅዋን አዳመጠ፤ ጠርዟን ዳሰሰ፤ ከዚያ በሚዛን ላይ አኖራት። ዓመተ ምሕረቱን ጨርሶ አላየውም። የነገረኝ ዋጋ ለአንድ ግድግዳ የሚበቃ ቆርቆሮ እንኳ የሚገዛ አልነበረም። «ቀዳዳዋም ትንሽ ቀንሷታል» አለኝ። እንዳታለለኝ እርግጠኛ ሆኜ ተቆጥቼ ተመለስሁ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ያነሣሁትን ፎቶ የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስብ አንድ ሰው አሳየሁት። እርሱም አየት አድርጎ «እንዲህ ያለው ብዙ አለ፤ ይህች ደግሞ ተበስታለች» ብሎ መለሰልኝ።

አንጥረኛው አላታለለኝም ነበር። የተታለልሁት በራሴ ሐሳብ ነው። የት ላይ እንደ ተሳሳትሁ ለማወቅ ግን የጠገራን ታሪክ መማር ነበረብኝ።

ያረጀ ሁሉ ውድ ነውን?

የመጀመሪያው ስሕተቴ ዕድሜና ዋጋ አንድ ነው ብዬ ማሰቤ ነው። እናንተም «የድሮ ነው» ሲባል «ውድ ነው» ማለት ይመስላችሁ ይሆናል።

በጠገራ ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት። ሻሽ የተከናነበችው ባሏ እ.ኤ.አ. በ1765 ስለ ሞተባት ነው፤ መልኳ የወጣው እንደ መበለት ነው። እርሷ ራሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሌላ ንጉሥ ሲነግሥ ሌላ መልክ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች የለመዱት የእርሷን ገንዘብ ስለ ነበር፣ መልኩ የተለወጠ ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ ያንኑ መልክና ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ሳይለውጡ መምታታቸውን ቀጠሉ። በቪየና ተመታ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተመታ። ዛሬም በኦስትሪያ ይመታል። እስከ ዛሬ የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

እንግዲህ 1780 የሚለው ቁጥር የልደት ቀን አይደለም። የአያቴ ጠገራ ከማርያ ቴሬዛ ሞት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተሠራች ልትሆን ትችላለች።

ይህ ነገር በእኛም አገር አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት ሳንቲሞች 1936 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። በደርግ ዘመን የወጡት ሳንቲሞችም 1969 ዓ.ም. እንደ ተጻፈባቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ታትመዋል። አንድ ሰው መንገድ ላይ «የ1936 ሳንቲም ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ይህን አስታውሱ።

ጥቂት የሆነው ለምን ጥቂት ሆነ?

ዕድሜ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ቀርቷል?» ብለው ነው። «ስንት ታተመ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር አታምታቱት።

በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ካርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 አንድ የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ እየከተተ ያወጣው ነው። ሆነስ ዋግነር የተባለው የቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል አለበት። ዋግነር ሥዕሉ እንዳይወጣ ስለ ተቃወመ ኅትመቱ ቶሎ ቆመ። አንዳንዶች ልጆች ለካርዱ ብለው ሲጋራ እንዲገዙ ስላልፈለገ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ክፍያ ስላልተሰጠው ነው ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን የቀሩት ካርዶች ጥቂት አሥሮች ብቻ ናቸው። ከእነዚያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 በ6.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ሌላው ቶፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው የሚኪ ማንትል ካርድ ነው። በጊዜው ገበያ አላገኘም። መጋዘኑ ስለ ሞላ ያልተሸጠው ካርድ በ1960 ገደማ በጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕር እንደ ተጣለ ሥራውን የመራው የኩባንያው ሰው ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ከተረፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ካርዱን ውድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንደ ቆሻሻ መጣሉ ነው።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። 1936 ዓ.ም. ከሚል ጽሑፍ ጋር የወጣው የመጀመሪያው ባለ 25 ሳንቲም ክብ ነበር፤ የተሠራውም ከመዳብ ነው። ባለ 50 ሳንቲሙ ደግሞ ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር፤ የሁለቱ መጠን ይቀራረባል። አታላዮች መዳቡን የብር ቀለም እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። በዚህ ምክንያት ክቡ 25 ሳንቲም ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ ሞገድ የተቆራረጠ ሌላ ወጣ። ጠርዘ ሞገዱ 25 ሳንቲም እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። ክቡን ግን ሰብሳቢዎች በቀላሉ አያገኙትም። ዓመተ ምሕረቱ አንድ፣ ማዕድኑ አንድ ነው፤ ዋጋቸውን የለያየው የሌቦች ብልጠት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። እ.ኤ.አ. በ1919 የንግሥት ዘውዲቱ፣ የአልጋ ወራሽ ተፈሪና የዱር አራዊት ሥዕል ያለባቸው የሚያምሩ ቴምብሮች ወጡ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙው ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ ለሰብሳቢዎች ተሸጠ፤ በኋላም ዳግመኛ ታተመ። ስለዚህ አብዛኞቹ ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ።

ማን ያምንበታል?

ጥቂት መሆን ብቻውን አይበቃም። እኔ ዛሬ በወረቀት ላይ አንድ ሥዕል ብሥል በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የሚገዛኝ ግን የለም። ሦስተኛው ጥያቄ «ሌላው ሰው ያምንበታል ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ረገድ የጋይንትና የአካባቢው ገበያዎች ለዘመናት ጥሩ ትምህርት ቤት ነበሩ።

ከጠገራም በፊት ሆነ ከጠገራ ጋር ደጋው ይገበያይ የነበረው በአሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ቦታ እየራቀ በሄደ መጠን እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፏል። ያው ጨው አፋር ላይ ርካሽ፣ ደጋ ላይ ውድ ነበር ማለት ነው። አሞሌው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ፈላጊና የመንገዱ ድካም ነው።

ጠገራ ሲመጣ ገበሬው ዝም ብሎ አልተቀበለውም። በፀጉር ጌጧ ላይ ያሉትን የእንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር። በትከሻዋ ላይ ያለው ማያያዣ በደንብ መታየቱን፣ በሥሩ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አለመጥፋታቸውን ይመረምራል። ነጠብጣቡ ከጎደለ ወይም መልኩ ከደበዘዘ አልቀበልም ይላል። በጠርዙ ላይ ደግሞ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ተቀርጿል። ይህ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ጠርዙን ሞርዶ ብሩን እንዳይሰርቅ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዛሬ የካርድ ሰብሳቢ በማጉያ መነጽር የሚያደርገውን ምርመራ የደጋው ገበሬ በዓይኑና በጣቱ ያደርገው ነበር።

እንግሊዞችም ይህን ያወቁት በችግር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ የጄኔራል ናፒዬር ጦር ደግሞ ከቀይ ባሕር ወደዚያው ይጓዝ ነበር። ያ ጦር ለገብስ፣ ለሣርና ለጭነት ከብት የሚከፍለው ጠገራ ያስፈልገው ነበር፤ የራሱ የእንግሊዝ ወርቅ በደጋ መንደር አይሠራም። ስለዚህ የዓለም ኃያል መንግሥት ወደ ቪየና ልኮ የሞተችውን ንግሥት መልክ በብዙ መቶ ሺህ አስመታ።

ዳግማዊ ምኒልክም የራሳቸውን መልክና አንበሳውን የያዘ ብር በፓሪስ አስመቱ፤ የመጀመሪያዎቹ 1887 ዓ.ም. የሚል አለባቸው። ክብደቱ ከጠገራ ጋር እኩል ነበር። ይሁንና የገጠሩ ሰው የለመደውን ጠገራ መረጠ። ፋሺስት ኢጣሊያም አገራችንን ስትወር ሊሬን ልታስለምድ ሞከረች፤ ነገር ግን ሰዉ የሚፈልገው ጠገራ እንደ ሆነ ስለምታውቅ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ራሷ በሮም ጠገራ ትመታ ነበር። ጠገራ የቀረው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገበያተኛው የማርያ ቴሬዛን ተቀብሎ የምኒልክን ይመልስ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ በደንብ የተያዘ የምኒልክ ብር ከተራው ጠገራ እጅግ ይበልጣል። በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው እግር የግራው ነው ወይስ የቀኙ እያለ ይከራከርበታል። ገበሬው ተሳስቶ ነበር? አልተሳሳተም። እርሱ የሚፈልገው ነገ በሬ ሲገዛ ሁሉም የሚቀበለውን ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ የሆነውን መረጠ። ሰብሳቢው የሚፈልገው ሌላው ሰው የሌለውን ነው፤ ስለዚህ የተለየውን ይመርጣል። ገንዘብ ዋጋው በመመሳሰሉ ነው፤ የሚሰበሰብ ዕቃ ዋጋው በመለየቱ ነው። እኔ በአንጥረኛው ፊት የቆምሁት ይህን ልዩነት ሳላውቅ ነው። አንጥረኛው የሚያየው ሦስተኛውን ነገር፣ ማዕድኑን ነው፦ 28 ግራም ገደማ ክብደት፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ወቄት የምንለው የአንጥረኛ መለኪያም ከጠገራ ክብደት ጋር የሚተካከል ነው።

ጉዳትና ምስክር

አራተኛው ጥያቄ «እንዴት ተይዟል?» የሚል ነው። አሞሌ ከተሰበረ ወይም ዝናብ ካገኘው ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ነጋዴው ዙሪያውን በልጥ አስሮ፣ ከእርጥበት ጠብቆ ያስቀምጠው ነበር። ካርድም እንዲሁ ነው። ማዕዘኑ ከታጠፈ፣ መሐሉ ከተጫረ፣ ፀሐይ ቀለሙን ካደበዘዘው ዋጋው በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ካርዶችን መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡና በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች በአሜሪካ ተቋቁመዋል። ያ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ካርድ ከሥዕሉ ይልቅ የተከፈለበት ከሰባ ዓመት በኋላ ማዕዘኖቹ እንደ ተሳሉ በመቆየታቸው ነው።

ነገር ግን «መጠቀም ሁልጊዜ ያረክሳል» ብላችሁ አትደምድሙ። የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ የታተሙ ሰባት ናቸው፤ በአራቱ የምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ አንበሳ አለ። ጨርሶ ያልተለጠፉት ዛሬም ብዙ ዋጋ አያወጡም፤ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች በብዛት ተሸጠዋልና። በዚያ ዘመን ግን ከሐረር ወይም ከእንጦጦ በእውነት ተልኮ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ አድራሻው የተጻፈበት ፖስታ ከነቴምብሩ ቢገኝ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ፖስታ ተጉዟል፤ ሠርቷል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለጉዞው ምስክርነት ነው። ለዚህም ነው አስመሳዮች ቴምብሩን ትተው ማኅተሙን የሚያስመስሉት።

ፈላጊ ሲጠፋ

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «ነገስ የሚፈልገው ሰው ይኖራል?»

በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻ የማንትልና የዋግነር ካርድ ወሬ ሲስፋፋ ብዙ ሰዎች «የዛሬውም ካርድ ነገ ሀብት ይሆናል» ብለው በካርቶን ይገዙ ጀመር። ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ብለው ያስቀመጡ ነበሩ። ኩባንያዎቹም ፍላጎቱን አይተው ያለ ልክ አተሙ። የድሮው ካርድ ጥቂት የሆነው ማንም ስላልጠበቀው ነው፤ የእነዚህን ግን ሁሉም ጠበቃቸው። ሁሉም ስለ ጠበቃቸው ሁሉም ዘንድ አሉ። ዛሬ ከእነዚያ ካርዶች አብዛኞቹ ከተገዙበት ዋጋ በታች ናቸው።

ስለዚህ ካርድ የምትሰበስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደስ ስለሚላችሁ ሰብስቡ። ተለዋወጡ፤ በላዩ ያለውን ተጫዋች ታሪክ ተማሩ። የታሸገ ፓኬት «ውስጡ ውድ ካርድ ይኖር ይሆናል» ብሎ መግዛት ግን ከሎተሪ ብዙ አይለይም፤ የትምህርት ቤት ክፍያችሁን ወይም የእናታችሁን የወር አስቤዛ አታግቡበት። በሚሊዮን የሚሸጡትን እንሰማለን፤ በመሳቢያ ውስጥ የቀሩትን ሚሊዮኖች ግን ማንም አይነግረንም።

በቤታችሁ የድሮ ሳንቲም፣ ቴምብር ወይም ጽሑፍ ካለ ደግሞ አትቸኩሉ። በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ሲያበራ ዋጋው ይጨምራል የሚመስላችሁ ሰብሳቢው ግን የሚያዝነው በዚያ ነው። ከአንድ ሰው በላይ አስጠይቁ። አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ የቴምብር ሙዚየም አለ፤ ሄዳችሁ ዓይናችሁን አሠልጥኑ። የብራና መጽሐፍና የመሳሰለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ሕግ እንደሚከለክልም አትዘንጉ።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አያቴ ስመለስ እንደ ሐሰተኛ ነቢይ አፍሬ ነበር። «እምዬ፣ ተሳስቻለሁ፤ ብዙ አታወጣም» አልኋቸው። እርሳቸው አልደነቃቸውም። ያን ጊዜ መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ «ከየት አገኟት?»

አያቴ ጠገራዋን በጣታቸው እያሻሹ ነገሩኝ። ለእናታቸው በጥሎሽ የተሰጡ ሰባት ጠገራዎች ነበሩ። እናታቸው ስድስቱን አስቀምጠው አንዷን አስበስተው በአንገታቸው አሠሩ። ሁሉም በውርስ ወደ አያቴ መጡ። ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። አያቴ ጠገራዎቹን አንድ በአንድ ለአንጥረኛ እየሸጡ እህል ገዙ። «ስድስቱን በላናቸው፤ አባትህም የበላው ከእነርሱ ነው» አሉኝ። «ሰባተኛዋን ልሸጥ ስወጣ የእርዳታ እህል ደረሰ ተባለ። ከመንገድ ተመለስሁ።»

ዝም ብዬ ቀረሁ። አንጥረኛው በሚዛን የቀነሰብኝ፣ ሰብሳቢውም የናቀው ያ ቀዳዳ የቅድመ አያቴ አንገት የነበረበት ቦታ ነው። በሉቃስ ወንጌል ከአሥር ድሪሞች አንዱ የጠፋባት ሴት መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ ስትፈልግ ሰምተናል። ጎረቤቶቿን ለደስታ የጠራችው ያ ድሪም በገበያ ከዘጠኙ ስለሚበልጥ አልነበረም።

ይህን ስል ገበያው ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። አንጥረኛው የሚያውቀውን ማዕድን በትክክል መዘነ። ሰብሳቢውም የሚያውቀውን ብዛትና ጉዳት በትክክል ነገረኝ። ሁለቱም ያላወቁትን ታሪክ ግን ሊተምኑት አይችሉም፤ ያን ታሪክ የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እኔም ከእርሷ ሳልጠይቅ ነበር ወደ ገበያ የሮጥሁት። የዋግነር ካርድ በሚሊዮን የተሸጠው ታሪኩን ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ነው። የእኛ ጠገራዎች ታሪክ ሳይነገር ከአያቶቻችን ጋር ቢቀበር የሚቀረው 28 ግራም ብር ብቻ ነው።

ያን ማታ ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀድጄ አያቴ የነገሩኝን ሁሉ ጻፍሁ፦ የእናታቸውን ስም፣ ሰባቱን ጠገራዎች፣ የድርቁን ዓመት፣ ከመንገድ የተመለሱበትን ቀን። ወረቀቱን አጥፈን ከጠገራዋ ጋር በጨርቁ ቋጠርነው። ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ቆርቆሮ ለበሰ፤ አባቴና አጎቶቼ አዋጥተው ነው። ጠገራዋ ዛሬም በሣጥኑ ሥር አለች።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተስ ቤት ሣጥን ሥር ምን አለ? በሚቀጥለው በዓል ወደ ቤተ ሰባችሁ ስትሄዱ አውጡትና እዩት። «ስንት ያወጣል?» ከማለታችሁ በፊት ግን «ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው በሕይወት ሳለ።